ቡናው ከምሳው ይቅደም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የጤና ዓምዳችሁ ስለ ፀጉር መርገፍ ያወጣውን ጽሑፍ እዚህ ጅማ ሆኜ ደጋግሜ አነበብኩት። ፀጉር ከምንበላው ነገር ጋር የተሳሰረ መሆኑን ማንሣቱ ተገቢ ነው፤ መፍትሔውን ግን «ለፀጉርና ለጥፍር» እየተባሉ በብልቃጥ በሚሸጡት የቫይታሚን እንክብሎች ላይ ማሳረፉ ቅር አሰኝቶኛል። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ይሁን እንጂ ይህን የምጽፈው በክፍል ውስጥ ከማስተምረው ይልቅ በቤቴ ካየሁት ተነሥቼ ነው።

ምግብ ፀጉርን እንደሚነካ ያወቅኩት ገና በልጅነቴ ነው። ቤተሰባችን በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ ተነሥቶ በቀድሞው ከፋ ክፍለ ሀገር ሲሰፍር የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ እግሩና ፊቱ አብጦ፣ ፀጉሩ ቀልቶና ሳስቶ የደረቀ የበቆሎ ጺም መስሎ ነበር። እናቴ ፀሐይ ያቃጠለው እየመሰላት ሻሽ ታስርለት ነበር። ራሽን ማግኘት ከጀመርን በኋላ አንድ ቀን ራሱን ስታይለት ከሥሩ ጥቁር ፀጉር ብቅ ማለቱን ተመልክታ ጎረቤት ጠራች። ጥቁሩ ሁለት ጣት ያህል ሲሞላ ጫፉ ያው ቀይ እንደሆነ ነበር። ይህ ኳሺዮርኮር የሚባለው የምግብ እጥረት ምልክት መሆኑን፣ ሐኪሞችም በአንድ ዘለላ ላይ የሚፈራረቀውን ቀለም በባንዲራ መስለው እንደሚጠሩት የተማርኩት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የራስ ፀጉር በወር አንድ ሴንቲሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ የወንድሜ ሁለት ጣት ጥቁር ፀጉር የሦስት ወር ገደማ የራሽን መዝገብ ነበረ ማለት ነው።

ፀጉር በአብዛኛው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ሲሆን፣ ሰውነት ሲቸግረው ለልብና ለጉበት ቅድሚያ ሰጥቶ የፀጉሩን ድርሻ ይቀንሳል። ስለዚህ ከጽሑፋችሁ ጋር የምሟገተው ምግብ ይጠቅማል አይጠቅምም በሚለው አይደለም፤ የጎደለው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ መድኃኒት ስለመምረጥ ነው።

ልጄ ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ የአራስነት ጊዜዋን እኔ ዘንድ አሳለፈች። በሦስተኛው ወር ገደማ ሹሩባዋን ስትፈታ ፀጉሯ በእፍኝ እየወጣ ጭኗ ላይ ይቀር ጀመር። ማበጠሪያዋን ከእኔ ስትደብቅ ያየሁ ዕለት ነገሩ ምን ያህል እንደከበዳት ገባኝ። ባለሙያ ሳታማክር፣ ጓደኛዋ በነገረቻት መሠረት፣ እያንዳንዱ እንክብል ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን 10,000 ማይክሮግራም የያዘ ብልቃጥ ገዛች። ለምታጠባ እናት በቀን 35 ማይክሮግራም ይበቃታል፤ አንዷ እንክብል የዘጠኝ ወር ቀለብ ተሸክማለች ማለት ነው። ባዮቲን በእንቁላል፣ በጉበት፣ በጥራጥሬና በለውዝ ውስጥ ስለሚገኝ እንደ ልቡ የሚበላ ሰው እምብዛም አይጎድልበትም።

ከብልቃጡ የተገኘው ጥቅም ይቅርና ሌላ ጣጣ መጣ። ልጄ ድካምና የልብ ምት መፍጠን ስለበዛባት ወደ አንድ ክሊኒክ ሄዳ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ስትመረመር፣ ውጤቱ ዕጢው ከመጠን በላይ እንደሚሠራ የሚያመለክት ሆነ። መድኃኒት ሊታዘዝላት ሲል በዕድሜ ጠና ያሉ ባለሙያ ገብተው «ሌላ የምትወስጂው ነገር አለ?» ብለው ጠየቋት። ብልቃጡን ስትነግራቸው እንድታቆምና ከሳምንት በኋላ እንድትመለስ አደረጉ፤ በሁለተኛው ምርመራ ዕጢዋ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ብዙ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ሆርሞንን ለመለካት ራሱን ባዮቲንን እንደ ማጣበቂያ ስለሚጠቀሙ፣ በደም ውስጥ የተትረፈረፈ ባዮቲን ሲገኝ ልኬቱ ይዛባል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በፈረንጆች 2017 ስለዚሁ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ከሚዛቡት ምርመራዎች መካከል ድንገተኛ የልብ ሕመምን («ሃርት አታክ» የሚባለውን) ለመለየት የሚደረገው ይገኝበታል። ዓምዳችሁ ስለዚህ አንድ ቃል አላነሣም።

ሁለተኛው ምርመራ ሌላም ነገር ገለጠ። ፌሪቲን በሚባለው ፕሮቲን የሚለካው የብረት ክምችቷ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ካስቀመጠው የ15 ማይክሮግራም በሊትር ወለል በታች ወርዶ ነበር። እርግዝናና ወሊድ ብረት ያሟጥጣሉ፤ እንደ እኛ ባለ እርጥብና ሞቃት አገር ደግሞ በባዶ እግር የሚሄድን ሰው የሚይዘው መንጠቆ ትል ደም ይመጥጣል። እኔን ያሳፈረኝ ግን የራሴ ጓዳ ነው። ለአራሷ ገንፎውን፣ አጥሚቱን፣ ምስሩን ሳላጓድል ሳቀርብ፣ ሳህኑ እንደተነሣ ረከቦቱ ይዘረጋል፤ ጠያቂ በመጣ ቁጥር አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይደገማል።

በቡናና በሻይ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች በተለይ ከእህልና ከአትክልት የምናገኘውን ብረት አንጀት ውስጥ አስረው ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋሉ። በፈረንጆች 1983 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ወደ ሰውነት የሚገባውን ብረት በ39 ከመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 ከመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ከሁሉ የሚገርመኝ ቀሪው ነው፤ ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ጉዳቱ ያው ሲሆን፣ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ግን ምንም አልቀነሰም። ስለዚህ የጅማን ሰው ቡና ተው የሚል ቢኖር እኔ አይደለሁም፤ ሰሚም አያገኝም። የምለው ሰዓቱን እናዛውር ነው።

ጤፋችን በብረት የታወቀ ቢሆንም፣ ከፊሉ በአውድማ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገርም ብረቱን ይይዘዋል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ እርሾው ፋይቴቱን ስለሚሰብረው፣ በጥድፊያ ሳይቦካ የተጋገረ እንጀራ መልኩ ቢያምርም በዚህ በኩል ይጎድላል። ከምስሩ አጠገብ የሚቀርብ የቃሪያ ስንግ ወይም የሚጨመቅ ሎሚ በቫይታሚን ሲው ብረቱን ወደ ደም ለማስገባት ያግዛል። ሥጋ በማይበላበት የጾም ወቅት ይህ ትንሽ ነገር ብዙ ይሠራል።

ስለ ሌሎቹ ማዕድናት ባጭሩ ልበል። ዚንክ ሲያንስ ፀጉር ይሳሳል፤ በሥጋ፣ በሽምብራና በምንጥለው የዱባ ፍሬ ውስጥ ይገኛል። በእንክብል ሲበዛ ግን መዳብን እያሳጣ ሌላ ደም ማነስ ያስከትላል። አዮዲን ሲጎድል የእንቅርት ዕጢ ስለሚዳከም ፀጉር ደርቆ ይረግፋል፤ አዮዲን ያለው ጨው ተከድኖ ቢቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል ቢጨመር ይሻላል። ሴሊኒየምና ቫይታሚን ኤ ደግሞ ከመጠን ሲያልፉ ራሳቸው ፀጉር ያረግፋሉ። በፈረንጆች 2008 በአሜሪካ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች የታመሙት፣ ብዙዎቹም ፀጉራቸው የረገፈው፣ በብልቃጡ ላይ ከተጻፈው 200 እጥፍ ሴሊኒየም የነበረበት የምግብ ማሟያ ጠጥተው ነው። ለጋ ቅቤውን በተመለከተ፣ ከቆዳ በላይ የወጣ ፀጉር ሕይወት ስለሌለው ያለሰልሰዋል እንጂ አይመግበውም፤ በዘር የሚመጣውን የወንዶች መላጣነት ደግሞ ጎመንም ቅቤም አይመልሱትም፤ ባለቤቴ ምስክር ነው።

አንድ ነገር ግን መሰወር የለበትም። ከወሊድ በኋላ የሚረግፍ ፀጉር፣ በእርግዝና ጊዜ ሳይረግፍ የቆየው በሆርሞን መውረድ አንድ ላይ የሚለቅ ስለሆነ፣ በአብዛኛው በዓመት ውስጥ በራሱ ይመለሳል። እንክብል ሻጮቹ የሚያተርፉትም እዚህ ላይ ነው፤ ተፈጥሮ የሠራችውን ብልቃጡ ሠራው ይባላል። ለልጄ የታዘዘው የብረት ክኒን ለፀጉሯ ብቻ ሳይሆን ደረጃ ስትወጣ ለሚያልባት፣ ሕፃኑን አቅፋ ለሚያንቀላፋት ድካም ጭምር ነበር።

ስለዚህ ዓምዳችሁ በሚቀጥለው እትም ሁለት ነገር እንዲጨምር እጠይቃለሁ፦ ፀጉሩ በብዛት የረገፈበት ሰው እንክብል ከመግዛቱ በፊት የደም መጠኑንና የብረት ክምችቱን እንዲመረመር፣ ቀድሞ የገዛም ካለ ብልቃጡን ይዞ ሄዶ ለሐኪሙ እንዲያሳይ። ክሊኒኮቻችንም ደም ከመቅዳታቸው በፊት «ሌላ የምትወስጂው ነገር አለ?» የምትለውን አንዲት ጥያቄ ቢጠይቁ ወጪ የለባትም።

በእኛ ቤት ቡና ከጠዋቱ 5 ሰዓት ይፈላል፤ ምሳ በ7 ሰዓት ይቀርባል። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ «ምን የጎደለባት ሴት ናት» ብለው አጉረመረሙ፤ አሁን ግን ሰዓቱን ጠብቀው ይመጣሉ። የልጄ ሹሩባ ሠሪ ደግሞ ግንባሯ ዙሪያ የበቀለው አጭር ፀጉር ከጣቷ እያመለጠ አልጎነጎን እንዳላት ትናገራለች። ማስመሪያ ይዤ ስለካው ሦስት ሴንቲሜትር ሆነ፤ አሁን አሁን ልጄ ማስመሪያዬን ስታይ ሻሿን ታስራለች።

ከአክብሮት ጋር፤
አንዲት መምህርት፣ ከጅማ