ያን ወንጌል ዝጉት
ለሙዚየሙ የበላይ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

በሙዚየሙ ዐውደ ርእይ ስላለው የብራና ወንጌል አያያዝ ያስገባሁት ማመልከቻ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ከተሰጠው በኋላ የት እንደደረሰ የሚነግረኝ አጥቻለሁ። ጸሐፊዎ በስልክ «በሂደት ላይ ነው» ብለውኛል። ብራናው ሂደቱን አይጠብቅምና በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

የምተዳደረው በብራና ሥራ ነው፤ ቆዳ እወጥራለሁ፣ እፍቃለሁ፣ እጠርዛለሁ፣ የመጽሐፍ ሽፋን በቆዳ እደጉሳለሁ። የመካከለኛው ዘመን ቅርሶች ዐውደ ርእይ ተከፈተ ሲባል የመጣሁት የቀደሙትን ሰዎች የእጅ ሥራ ለማየት ነበር። በሰም ቅርጽ ቀልጠው የተሠሩትን የነሐስ መስቀሎች አይቼ አድንቄያለሁ፤ አቀማመጣቸውም አያስነቅፍም። ከዚያ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ወንጌል ዘንድ ደረስኩ።

መጽሐፉ ከመካከሉ ተከፍቶ፣ ሽፋን የሆኑት ሁለቱ የእንጨት ገበታዎች የመስታወት ሣጥኑን ወለል እስኪነኩ ተዘርግተው፣ ቅጠሎቹ እንዳይመለሱ በናይለን ክር ታስረዋል። የእኛ አገር መጽሐፍ እንዲህ አይከፈትም። ጥራዞቹን፣ ማለትም አንድ ላይ የታጠፉትን የቅጠል ክምሮች፣ እርስ በርስ፣ ከገበታውም ጋር የሚያያይዛቸው ስፌቱ ነው። ዘርግታችሁ ስታስተኙት ጫናው ሁሉ በዚያ ክር ላይ ያርፋል። ጎንበስ ብዬ በጎን ተመለከትኩ። ስፌቱ ላልቷል፤ አንዱ ክር ተበጥሶ ጫፉ ወጥቷል።

ከበላዩ ደግሞ አምፖል አለ። መስታወቱ ላይ «በፍላሽ ፎቶ ማንሳት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ተብሎ ተለጥፏል። የጎብኚ ፍላሽ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ የእናንተ አምፖል ግን በር ከሚከፈትበት እስከሚዘጋበት ሰዓት እዚያው ገጽ ላይ ነው። ለብራና የሚመከረው ብርሃን ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) እንዳይበልጥ መሆኑን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። የቅጠሉ ጠርዝ ደርቆ ጠጉር ወደነበረበት የቆዳው ወገን ተቆልምሟል። ጥቁሩ ቀለማችን ከጥላሸት የሚቀመም ስለሆነ ብራናው ውስጥ አይሰርግም፤ ላዩ ላይ ነው የሚቀመጠው። ብራናው በተኮማተረ ቁጥር ቀለሙ ይላጣል። በአንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ፊደላት ጎድለዋል፤ ከግርጌው ጥቁር ብናኝ ወድቋል።

ይህንኑ ለአስጎብኚው ነገርኩት። «እኛ ባለሙያ አለን፤ አይተው ይለፉ» አለኝ። ኃላፊ ላነጋግር ስል ጥበቃው ክንዴን ይዞ ጎብኚው ሁሉ እያየ ወደ መውጫው ወሰደኝ። የወንጌሉ መግለጫ መጽሐፉን ያሠራውን መኰንንና የተቀበለውን ደብር በስም ይጠራል። ቆዳውን ስለፋቀው፣ ስለጻፈውና ስለደጎሰው ሰው አንድ ቃል የለውም። ያኔ ስማቸው እምብዛም አይጻፍም ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ሙያቸውን የያዘ ሰው ከአዳራሽ ይባረራል። ወጉን በሚገባ ጠብቃችሁታል።

አዋጅ ቁጥር 209/1992ን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ቅርስ በእጁ ያለ ሁሉ ተገቢውን ጥበቃ እንዲያደርግ ያዛል፤ ያለ ፈቃድ መጠገንንም ይከለክላል። ያን የተበጠሰ ክር ለመቀጠል መርፌ ባነሳ እከሰሳለሁ፤ መከሰሴም ተገቢ ነው። ለበጠሰውስ የትኛው አንቀጽ ይጠቀስለታል? በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፉት ብራናዎች ይመለሱ ትላላችሁ። እኔም ይመለሱ እላለሁ። ግን ሲመለሱ የምታስተኟቸው በዚህ አምፖል ሥር ነው?

መጽሐፉ ዛሬውኑ ይዘጋ፣ አምፖሉም ይጥፋ። በከፊል ተከፍቶ እንዲታይ ከተፈለገ ጀርባውን ደግፎ የሚይዝ የእንጨት ማስቀመጫ ይበቃዋል፤ ገንዘብ ከቸገራችሁ እኔ በነጻ እሠራዋለሁ። ሣጥኑ ሲከፈት ከሥር ያለውን ብናኝ የጽዳት ሠራተኛ እንዳይጠርገው፤ ተሰብስቦ ይቀመጥ። መልስዎን በጽሑፍ እፈልጋለሁ።

ከአንድ ብራና ፋቂና ደጓሽ