ለይልቃል፣ ከባሕር ዳር

ይድረስ ለወንድሜ ለይልቃል፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝምታችን በዛ፤ ናፍቆትህም በዛ።

በመጨረሻው ደብዳቤህ «የጅቡቲ ባሕር መቼ እንደሚሞላና መቼ እንደሚጎድል የከርሞው ሳይቀር በሰዓት ተጽፎ አየሁ፤ ማን ነገራቸው?» ብለኸኝ ነበር። እኔም የጣናን ከፍታ እየመዘገብኩ የምውል ሰው ነኝና ጥያቄህ ከልቤ አልወጣም።

ባሕሩን የሚስቡት ጨረቃና ፀሐይ ናቸው፤ ዑደታቸው ደግሞ አስቀድሞ ይታወቃል። የጨረቃ ዋናው ዑደት በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ፣ የፀሐይ በየ12 ሰዓት ይመላለሳል። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ ሁለቱ ይገጥማሉ፤ ያን ሰሞን ባሕሩ አብዝቶ ይሞላል፣ አብዝቶም ይሸሻል። ሌሎች አነስተኛ ዑደቶችም ብዙ አሉ። መለካት ያለበት እያንዳንዱ ዑደት እዚያ ወደብ ላይ ውሃውን ምን ያህል እንደሚያነሳና ስንት ሰዓት እንደሚዘገይ ነው። ይህ እንደ ባሕሩ ጥልቀትና እንደ ዳርቻው ቅርጽ ይለያያል፤ በአንድ ቀይ ባሕር ምፅዋ ላይ ውሃው አንድ ሜትር ገደማ ሲነሳ ፖርት ሱዳን ላይ እምብዛም አይነቃነቅም።

ስለዚህ ከፍታውን በየሰዓቱ ይመዘግባሉ። ሁለቱን ትልልቅ ዑደቶች ለመለየት 15 ቀን ያህል ይበቃል፤ በጣም የተቀራረቡትን ለመነጠል ግን የዓመት መዝገብ ይሻላል። የእያንዳንዱ መጠንና መዘግየት ከታወቀ ወዲያ የቀረው መደመር ነው። ኬልቪን የተባለው የብሪታንያ ሊቅ በ1870ዎቹ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ይህን ድምር በመዘውርና በገመድ የሚሠራ ማሽን አሠርቶ ነበር።

እኔን ያስደነቀኝ ስሌቱ ወደ ኋላም መሥራቱ ነው። መለኪያው ተበላሽቶ ያልተመዘገበ ቀን ቢኖር የዚያን ቀን ሙላት ከሰማዩ ዑደት አስልተው ይተኩታል። ጣና ይህን አይፈቅድም። ጨረቃ ብትስበውም ሐይቁ ትንሽ ስለሆነ የከፍታ መለኪያ እንጨታችን ላይ አይታወቅም። የሚያነሳው ክረምቱ ነው፤ ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ሞልተው ሲገቡበት መስከረምና ጥቅምት ላይ ከፍ ይላል፣ ሰኔ መግቢያ ላይ ዝቅ ይላል። ዝናቡን በሰዓት የሚናገር ዑደት የለም። አንድ ቀን ሳላነብ ካለፍኩ ያ ቀን አለፈ፤ ለዚህ ነው በበዓልም ወርጄ የማነበው።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ነፋስና የአየር ግፊት ያየኸው የሙላት ሰንጠረዥ ውስጥ የሉም። ብርቱ ነፋስ የነፈሰ ቀን ወደብ ውረድና ውሃው ከተጻፈው ምን ያህል እንደራቀ አይተህ ጻፍልኝ።

ወንድምህ