ሐምሌ 9 የደረሰው ደብዳቤ

ኮፐንሃገን፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር አባቴ፦

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔም ሆንኩ ባለቤቴና ልጆቼ ከናፍቆትዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህ ደብዳቤ በፖስታ ሳይሆን ገናን ለማክበር ወደ አገር ቤት በሚገባ ሰው እጅ ሲደርስዎ ቅር እንደሚልዎ አውቃለሁ፤ ጎረቤቶቻችን ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ደብዳቤ ሲያስይዙ ባዩ ቁጥር "ፖስታ ቤት እያለ ደብዳቤ በሰው ኪስ ይላካል?" ይሉ ነበር። ምክንያቱን እዚሁ እጽፍልዎታለሁ፤ አስቀድሜ ግን ስለ ዓይንዎ ልጠይቅ።

እኅቴ እንደነገረችኝ የግራ ዓይንዎ ግፊት አሁንም አልወረደም፤ ጠብታውንም አንዳንድ ማታ "ዛሬ አላመመኝም" እያሉ ይተዉታል። አባባ፣ ግላኮማ ብርሃን የሚወስደው ሳያሳምም ነው፤ የወሰደውንም መድኃኒት አይመልሰውም፤ ጠብታው የቀረውን ለመጠበቅ ነው። ይህን ደብዳቤ በትልልቅ ፊደል የጻፍኩት እርስዎ ራስዎ በማጉያ መነጽርዎ እንዲያነቡት ብዬ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ እኅቴ ብታነብልዎ ግድ የለኝም፤ ከሦስተኛው ገጽ ጀምሮ ያለውን ግን ለብቻዎ፣ በቀን ብርሃን፣ ቀስ ብለው ቢያነቡልኝ እወዳለሁ።

ልጆቹ አድገዋል። ትልቋ 13 ዓመት ሞልቷት ቁመቷ ከእኔ እኩል ሆኗል፤ አማርኛዋ እየሳሳ ቢሄድም ከእርስዎ ጋር በስልክ ለማውራት ስትል ቃላት በደብተሯ እየጻፈች ትለማመዳለች። ትንሹ ለገና ሥዕል ሥሎልዎ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ፤ በሥዕሉ ላይ ባርኔጣ ያደረጉት ሰው እርስዎ ነዎት፣ ከጎንዎ ያለው ዛፍ ደግሞ ከነገርኩት ተነሥቶ የሣለው የግቢያችን ኮክ ነው። ሥዕሉን በኤንቬሎፕ አሽጎ ቴምብር እንዲለጥፍበት ብሰጠው ቴምብሩን አገላብጦ አየና "ይህ ምን ያደርጋል?" አለኝ። ልጁ 8 ዓመቱ ነው፤ እናቱ ደግሞ ፖስተኛ ነበረች።

"ነበረች" ብዬ የጻፍኩት ተሳስቼ አይደለም። የዴንማርክ ፖስታ ከትናንት በስቲያ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን፣ የመጨረሻውን ደብዳቤ አድርሶ የደብዳቤ ሥራውን ዘግቷል። ፖስታውን ያቋቋመው ንጉሥ ክርስቲያን 4ኛ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1624 ነው፤ እርስዎ ዘወትር በኩራት የሚያነሡልን ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የእኛን ሲያቋቁሙ የእነዚህኛው 270 ዓመት ሞልቶት ነበር። እንግዲህ ደብዳቤው በ401 ዓመቱ ቀረ፤ ከአሁን በኋላ መሥሪያ ቤቱ የሚያደርሰው የዕቃ ጥቅል ብቻ ነው። ከ4,600 ሠራተኞች 1,500 ያህሉ እንደሚቀነሱ የተነገረው የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲሆን፣ እኔም ከሚሰናበቱት አንዷ ሆንኩ። በየእሑዱ ስንደዋወል "ፖስታው እንዴት ነው?" እያሉ ሲጠይቁኝ "ደኅና ነው" እያልኩ አሥር ወር ሙሉ ሳልነግርዎ ቆየሁ።

ዕድሜዎን በዚሁ ሥራ የጨረሱ ሰው ስለሆኑ ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ በዝርዝር ሳይነገርዎ እንደማይረኩ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 በዚህ አገር በዓመት 1.4 ቢሊዮን ያህል ደብዳቤ ይላክ ነበር፤ በ2024 የተላከው ግን 110 ሚሊዮን ብቻ ነው። ይህም ማለት ከ100 ደብዳቤ 92ቱ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ጠፋ ማለት ነው። ትልቁ ምክንያት ሰው መጻፍ ስለጠላ ብቻ አይደለም። ከኅዳር 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዕድሜው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሁሉ የመንግሥትን ደብዳቤ በዲጂታል ፖስታ እንዲቀበል በሕግ ተደነገገ፤ የግብሩ፣ የሆስፒታሉ፣ የትምህርት ቤቱ ወረቀት ሁሉ ከእኛ ከረጢት ወጥቶ ወደ ስልክ ገባ፤ ባንኮቹም ተከተሉ። ከዚያ በ2024 መጀመሪያ አዲስ ሕግ ወጥቶ ገበያው ለሁሉም ክፍት ሲሆንና ደብዳቤም ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጣልበት የአንድ ደብዳቤ ቴምብር 29 ክሮነር ገባ። ዋጋው ሲወደድ የሚጽፈው ሰው ያንሳል፤ የሚጽፈው ሲያንስ ዋጋው እንደገና ይወደዳል፤ እርስዎ ይህን ስሌት ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

እኔ ግን ያየሁት በመደርደሪያዬ ነው። እርስዎ በፖስታ ሣጥን ቁጥር ሲያድሉ ሰው ወደ ሣጥኑ ይመጣል፤ እዚህ እኛ ነን ወደ ሰው በር የምንሄደው፤ ስለዚህም ጎሕ ሲቀድ በመደርደሪያው ፊት ቆመን ለእያንዳንዱ ቤት ደብዳቤውን እየለየን የአውራ ጣት ስፋት ባላት ክፍተት እናስገባለን። በ2004 ዓ.ም. ሥራ ስጀምር ክፍተቶቹ ሞልተው ስለሚጠብቡ እየጠቀጠቅሁ ነበር የማስገባው፤ የወረቀቱ ጠርዝም የጣቶቼን ጫፍ ይሰነጥቀኝ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን አንድ ሙሉ ጎዳና፣ ከቁጥር 2 እስከ ቁጥር 48፣ ከአንዲት የጥርስ ሐኪም ማስታወሻ በቀር ባዶውን ያደረበት ቀን ነበር። ያን ቀን ክፍተቶቹን በመዳፌ እየጠረግሁ አቧራ አነሣሁ። ጣቴ ከዳነ ስንት ዓመት እንደሆነው ያስተዋልኩት ያኔ ነው።

ቀያዮቹን የደብዳቤ ሣጥኖችም ከሰኔ ወር ጀምሮ ከየመንገዱ ነቀሏቸው፤ 1,500 ነበሩ። በቀጠናዬ ካለች ዳቦ ቤት አጠገብ የነበረው ሲነሣ በግድግዳው ላይ አራት የብሎን ቀዳዳና ዙሪያውን ሳይጠቁር የቀረ የሣጥን ቅርጽ ቀርቷል። በዚህ ወር ሺህ ያህሉ ለበጎ አድራጎት ለሽያጭ ሲቀርቡ፣ ደኅነኛው በ2,000፣ ያረጀው በ1,500 ክሮነር፣ በሰዓታት ውስጥ ተሽጠው አለቁ። ለማስታወሻ የሚገዛው ሰው ይህን ያህል ከሆነ ደብዳቤ የሚያስገባባቸው ወዴት ሄዶ ነበር እያልኩ ሳዝን ሰነበትሁ።

ደብዳቤ ፈጽሞ ቀረ ብዬ እንዳልዋሽዎ፣ ሌላ የግል ድርጅት ተረክቦታል፤ ላኪው ወደ ሱቅ ወስዶ ይሰጣል ወይም ተጨማሪ ከፍሎ ከቤቱ ያስወስዳል። ዲጂታል ፖስታውን የማይጠቀሙ ከ270 ሺህ በላይ ሰዎች ግን አሉ፤ ብዙዎቹ አረጋውያን ናቸው። በቀጠናዬ ካሉት አንዱ እንደ እርስዎ ያለ ማጉያ መነጽር በአንገታቸው አንጠልጥለው የሐኪም ቤት ቀጠሮአቸውን ከእጄ ተቀብለው እዚያው በሩ ላይ ያነቡት ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ምን እንደምላቸው ጠፍቶኝ ደብዳቤውን በበሩ ቀዳዳ አስገብቼ ሄድኩ። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

እርስዎንም ያልነገርኩት እንዲሁ ስለጨነቀኝ ነው። በቀዩ ጃኬት የተነሣሁትን ፎቶግራፍ ከጡረታ የምስክር ወረቀትዎ አጠገብ መስቀልዎን፣ ለሚመጣው እንግዳ ሁሉም "ልጄ ሥራዬን ወረሰች" ማለትዎን እኅቴ ነግራኛለች። ጃኬቱን መልሻለሁ፤ ፎቶግራፉን ግን እባክዎ አያውርዱት።

አባባ፣ ከዚህ በታች ያለውን ነው ለብቻዎ ያንብቡልኝ ያልኩት።

አሥር ወር ዜና ይዤ ስቆይ በ1990 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ነገር ከሐሳቤ ጠፍቶ አያውቅም። እናቴ ካረፈች ስድስት ወር ሆኗት ነበር። እኔ 18 ዓመቴ ነበር፤ እኅቴ 9፣ ወንድሜ 6። ከውጭ አገር የነርስነት ትምህርት ቤት የምጠብቀው መልስ እንዳለ ያውቁ ነበር፤ ማመልከቻዬንም የመዘኑትና ማኅተም የመቱበት እርስዎ ነዎት። ዝናቡ ሲያባራ ሻይዎን በፔርሙስ ይዤ እየመጣሁ ከመስኮቱ ውጭ ቆሜ "መጣ ወይ?" እላለሁ፤ እርስዎ ቀና ሳይሉ "አልመጣም" ይሉኛል። ነሐሴ 28 ቀን ማታ ከእራት በኋላ ደብዳቤውን ከኮትዎ ኪስ አውጥተው ሰጡኝ፤ "ክረምት ነው፣ መንገድ ላይ ዘግይቶ ነው" አሉኝ። ተቀብለንሻል ይላል፤ እስከ ነሐሴ 20 ቀን ድረስ መምጣትሽን ካላሳወቅሽ ቦታሽ ለሌላ ይሰጣል ይላል።

ኤንቬሎፑን ሳገላብጠው በጀርባው፣ ከማኅተሙ በታች፣ በእርስዎ እጅ ጽሑፍ "ሐምሌ 9 ደረሰ" የሚል አየሁ። የ9 ቁጥርን ጅራት ወደ ግራ የሚያጥፉት እርስዎ ብቻ ነዎት። በ8 ዓመቴ በቆጣሪው ላይ አስቀምጠው የደብዳቤ ጀርባ እንዴት እንደሚነበብ፣ ከየት ተነሥቶ መቼ እንደገባ እንዴት እንደሚታወቅ ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት። ከሐምሌ 9 እስከ ነሐሴ 28 ድረስ 49 ቀን ነው። ያን ማታ ምንም አልተናገርኩም፤ ሳህኖቹን አነሣሁ፤ ከዚያ በኋላም ከ27 ዓመት በላይ አልተናገርኩም።

ለምን እንዳደረጉት አውቃለሁ። ሁለቱን ሕፃናት ይዘው ብቻዎን የሚቀሩበት ቤት ከፊትዎ ነበር። ነገር ግን አባባ፣ "አትሂጂ፣ አልችለውም" ብለውኝ ቢሆን እቀር ነበር። በፈቃዴ ቀርቼ ቢሆን ኖሮ እኅቴን አሳድጌ ለወግ ለማዕረግ ያበቃሁባቸውን ዓመታት ቅሬታ ሳይኖርብኝ እወዳቸው ነበር። አደራ ደብዳቤ ሲመጣ "አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" እያሉ በመዝገብ ሳያስፈርሙ ለማንም የማይሰጡት እርስዎ፣ የእኔን በኪስዎ ያዙት። የከፋኝ ይህ ነው።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ያስገርመኝ ነበር፤ በመደርደሪያው ፊት በቆምኩባቸው 14 ዓመታትም ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ቀኑን ባይጽፉበት፣ ወይም "ነሐሴ 28" ብለው ቢጽፉበት ማንም ባላወቀ ነበር። ጻፉት፤ ሐምሌ 9 ብለው እውነተኛውን ጻፉ፤ ለእኔም ያንኑ ሰጡኝ፤ ማንበብ እንደማውቅ እያወቁ። እጅዎ በደብዳቤ ላይ ሐሰት መጻፍ አልችል ብሎ ነው ወይስ እንዳውቀው ፈልገው ነው? ኤንቬሎፑ አሁንም ከእኔ ጋር ነው፤ ይህን ስጽፍ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ቀለሙ ወደ ቡናማ ተለውጧል።

ወደ ኑሮው ነገር ልመለስ። ለሥራ አጥነት መድን በየወሩ እከፍል ስለነበር እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ክፍያ አገኛለሁ፤ ከደመወዜ ያንሳል እንጂ ባዶ እጄን አልቀረሁም። የመድኃኒትዎንና የሐኪምዎን ወጪ አልነካውም፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ግን እስከሚቀጥለው ዓመት ይቆይ፤ ወንድሜም ለእሱ ብሎ እንዳይበደር ይንገሩልኝ። ከየካቲት ጀምሮ አረጋውያንን የመንከባከብ ሥልጠና እገባለሁ፤ በ46 ዓመቴ ከ20 ዓመት ልጆች ጋር ልማር ነው። የደም ግፊት መለካት፣ ቁስል ማጠብ፣ መድኃኒት መስጠት ያስተምሩናል። ባለቤቴ ይበጅሻል ብሏል፤ እኔም ደስ ብሎኛል።

ስልክ ሲደውሉ ስለ ጤናዬና ስለ ሥልጠናው ይጠይቁኝ፤ ስለ ሐምሌ 9 ግን በስልክ አይመልሱልኝ፤ እኅቴም አጠገብዎ ትሆናለች። ዓይንዎ እስከቻለ ድረስ ሁለት መስመርም ቢሆን በራስዎ እጅ ይጻፉልኝ፣ እንደዚህ በሰው እጅ ሳይሆን በፖስታ ይላኩት፤ ከውጭ የሚመጣውን ደብዳቤ አዲሱ ድርጅት ያደርሰዋል፤ አድራሻዬም አልተለወጠም። በጀርባውም የጻፉበትን ቀን ያስፍሩልኝ።

ልጅዎ