ባትሰሚውም አይከፋኝም

እህት ዓለም፣

ይቅርታውን ቶሎ ልገላገለው። ጠፍቻለሁ፤ ብዙ ጠፍቻለሁ። ምክንያት ብደረድርልሽ ግማሹ ላይ ሳትደርሺ ስለምትስቂብኝ አልደረድርም። መታመምሽን ከእህትሽ ከሰማሁ ወዲህ ደግሞ ስልኩን አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ምን ልበልሽ? «እንዴት ነሽ» እንዳልል እንዴት እንደሆንሽ ነግራኛለች። «አይዞሽ» እንዳልል በየቀኑ ስንቱ እንደሚልሽ፣ አንቺም ያንን ቅንድብሽን እንዴት እንደምታነሺበት ይታየኛል። እና በቃ፣ ሙዚቃ ላክሁልሽ። ፒያኖ። ብቻውን።

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» ስንት ቆንጆ ነገር በዚህች ጥያቄ አበላሸሽብኝ! እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማ አንቺ ከጎኔ ሆነሽ ኮስተር ብለሽ «መግቢያው አልረዘመም?» ትያለሽ። አሁን ግን ዘፈን ሲከፈት ቃላቱ እያደከሙሽ «አጥፉልኝ» እንደምትይ እህትሽ ነገረችኝ። አንቺን! ቃል! ከነገረችኝ ሁሉ፣ ከነዚያ አስቸጋሪ የሕክምና ስሞች ሁሉ፣ ውስጤ የቀረው ይሄ ነው። በሌላው ላይ ምንም ማድረግ አልችልም። ቃል የሌለበት ነገር መፈለግ ግን እችላለሁ፤ እንዲያውም ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ የተካንኩበት ነገር የለም።

ጆሮሽም ጭው እንደሚልብሽ ሰምቻለሁ። አንዳንድ መድኃኒት እንዲህ ያደርጋል፤ ቀድሞ የሚነካውም ቀጫጭን ድምፆችን የሚሰማውን የጆሮ ክፍል ነው። (ለሐኪሞችሽ ንገሪ። ትንሽ ነገር ነው ብለሽ እንደምትውጪው ስለማውቅ ነው። በቃ፣ ምክር ጨረስኩ።) ስለዚህ ምርጫዬን ከጆሮሽ ጀመርኩ። ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው። ከግራ ጫፍ ያለው ወፍራሙ በሴኮንድ 27 ጊዜ ተኩል ይርገበገባል፤ ከቀኝ ጫፍ ያለው ቀጭኑ ከ4,000 ጊዜ በላይ። እኔ መሐል መሐሉን የሚሄዱትን፣ ቀጭኑ ጫፍ ላይ ወጥተው የማይንጫጩትን ለቀምኩልሽ። ይሄን ለማንም አልነገርኩም፤ ለየትኛው ጆሮ ነው እንዲህ የምትደክሚው ብለው እንዳይጠይቁኝ።

መጀመሪያ ፒያኖ ተጫዋቹን ኪት ጃሬትን ክፈቺ። ኮሎኝ፣ ጀርመን፣ እ.ኤ.አ. ጃንዩዌሪ 24 ቀን 1975። ሰውየው የደረሰው ወገቡን እያመመው፣ እንቅልፍም አጥቶ ነው። መድረኩ ላይ የጠበቀው ያዘዘው ፒያኖ ሳይሆን ቅኝቱ የተበላሸ ትንሽ ፒያኖ ነበር፤ ቀጭኑ በኩል ይንቃጨላል፣ ወፍራሙ በኩል ጉልበት የለውም፣ ፔዳሉም አስቸጋሪ ነው። አልጫወትም አለ። አዘጋጇ የ18 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ለምና አሳመነችው። ለእኩለ ሌሊት ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ገባና የተጻፈ ነገር ሳይኖር፣ እዚያው እየፈጠረ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጫወተ። ያ ፒያኖ የሚያዋጣው መሐሉ ላይ ስለነበረ ብዙውን እዚያው መሐሉን እያሽከረከረ፣ በግራ እጁ ያንኑ እየደጋገመ ነው። ይሄን የምነግርሽ «ከችግር ውስጥም ውበት ይወለዳል» ልልሽ አይደለም። እንዲህ የሚልሽ ጠያቂ ከመጣ ከክፍሉ አስወጪው። መሐሉን ስለሚጫወት ጆሮሽን አያስቸግርም፤ ለዚያ ነው የመረጥኩት። ድግግሞሹም ደግ ነው፤ መሐል ላይ እንቅልፍ ቢወስድሽ ስትነቂ ያመለጠሽ አይመስልሽም።

ደግሞ እየተጫወተ ያቃስታል፣ ይጮኻል። ዘፋኙ ገባልሽ ማለት ነው።

በዚህስ ፒያኖ ተጫዋቹን ግሌን ጉልድን የሚያህል የለም። ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ የተባለውን የባኽን ረጅም ድርሰት ሁለት ጊዜ ስቱዲዮ ገብቶ ቀርጾታል። በ1955 ሲቀርጸው ገና 22 ዓመቱ ነበረ፤ እንደሚያባርሩት ሆኖ በ38 ደቂቃ ገደማ ጨረሰው። በ1981 ግን 51 ደቂቃ ያህል ወሰደበት። የላክሁልሽ ሁለተኛው ነው፤ ለሚጣደፍ ሰው የሚሆን ጊዜ አይደለም ብዬ። ሲጫወት ያንጎራጉራል፤ ባለሙያዎቹ ማይክሮፎኑን እንዲህም እንዲያም ቢያደርጉት ሊያስቀሩት አልቻሉም። ድሮ ይሄን ስትሰሚ «ጎረቤት ነው?» ያልሽኝን አልረሳሁትም።

የእማሆይ ፅጌ ማርያም ገብሩንም ጨምሬያለሁ፤ ሳይዘፍኑ የተጫወቱትን። ካረፉ በኋላ በ2024 የወጣ አለ፤ እዚያ ላይ ራሳቸው እየዘፈኑ ነው የሚጫወቱት። ቤታቸው በቴፕ የተቀዳ ስለሆነ ወፎች ሁሉ ይሰሙበታል። በስቱዲዮ ሚዛን ቆሻሻ ቅጂ ነው። በእኔ ሚዛን ግን ሰውየዋ የተቀመጡበት ክፍል ስፋቱ እስኪታወቅሽ የሚያሰማ ቅጂ ቆንጆ ቅጂ ነው፤ በዚህ ተከራክረን አልጨረስንም። ያንን ግን ቃል ስላለበት ለኋላ አቆይቼዋለሁ። ቃል መልሶ ሲጥምሽ ንገሪኝና እልካለሁ።

አሁን ትንሽ ልነዝንዝሽ። ፋይሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ የስልክሽን ቦታ ይበላሉ፤ ሆነ ብዬ ነው። ሙዚቃ እንዲያንስ ሲጨመቅ የሚጣለው ጆሮ አያስተውለውም ተብሎ የሚገመተው ነው። ፒያኖ ላይ ግን ያ «አይስተዋልም» የተባለው ነገር ነው ውበቱ። መዶሻው ክሩን መትቶ ወዲያው ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማሽ ሁሉ ማንም የማይነካው ድምፅ ነው፤ ብቻውን እየቀነሰ፣ ከሌሎቹ ክሮች ጋር እየተነካካ ይሄዳል። ጥሩ ቅጂ እስከ መጨረሻው ይከተለዋል። የፔዳሉን እንጨት፣ የወንበሩን ሲጢጥ ማለት፣ የሰውየውን ትንፋሽ ሳይቀር ትሰሚያለሽ። አንቺ ሌሊት ሰው ሁሉ ተኝቶ ብቻሽን ስትቀሪ ክፍሉ ውስጥ አንድ የሚተነፍስ ሰው እንዲኖር ፈልጌ ነው፤ የማያናግርሽ፣ ምን ይሰማሻል የማይልሽ፣ የራሱን ሥራ የሚሠራ። ይሄን ስጽፈው ትንሽ አፈርኩ። ይሁን።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። ፒያኖ ሲጀምር በጣም ዝግ ይላል፤ አልሰማም ብለሽ ድምፁን ከጨመርሽው በኋላ ድንገት ይነሳና ያስደነግጥሻል። ስለዚህ ኃይለኛውን ቦታ ፈልገሽ በዚያ መጠን አስተካክዪና ተዪው። ዝግ ያለው ባይሰማሽም ግድ የለም፤ ትንሽ ስትቆዪ ጆሮሽ ራሱ ይሄድለታል።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። እስካሁን የዞርኩት ለዚህ ነው።

ዲኑ ሊፓቲ የሚባል ሮማንያዊ ፒያኖ ተጫዋች ነበር። በደም ካንሰር ዓይነት ታሞ በ33 ዓመቱ ነው የሞተው። ሊሞት ከሦስት ወር ያነሰ ሲቀረው፣ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1950፣ ፈረንሳይ ውስጥ ቤዛንሶን በምትባል ከተማ የመጨረሻ ኮንሰርቱን አቀረበ። ሐኪሙ እንዳይወጣ ለምኖት ነበር። ፕሮግራሙ የሾፓን 14 ዋልሶች፣ የዳንስ ምት ያላቸው አጫጭር ድርሰቶች፣ ነበሩበት፤ 13ቱን ተጫወተ፤ 14ኛውን አቅም አጣ። ወጣ፣ ተመለሰ፣ በዋልሱ ፈንታ አንድ አጭር የባኽ መዝሙር ተጫወተ። ቅጂው አለ፤ እኔም አለኝ። ከምወዳቸው ሁሉ እሱን የሚያህልብኝ የለም። ዋልሶቹ ላይ የታመመ ሰው ፈጽሞ አይሰማሽም፤ እንዲያውም የሚያሾፍ ሰው ነው የሚሰማሽ። ጣቶቹ ይቀልዳሉ።

ይሄን መጀመሪያ ከዝርዝሩ አወጣሁት። ለታመመ ሰው እንዴት ይሄ ይላካል አልኩ። ከዚያ መለስኩት። እንደገና አወጣሁት። ቅጂውን ብቻ ልኬ ታሪኩን ልደብቅ አሰብኩ፤ አንቺ ደግሞ ስሙን ፈልገሽ ባታገኚው ነው! አንድ ሌሊት ላይ ተቀምጬ ስመረምረው የሚያስፈራኝ ሊፓቲ እንዳልሆነ ገባኝ። የሚያስፈራኝ፣ ለአንቺ ሙዚቃ መምረጥ ትቼ ለበሽተኛ መምረጥ መጀመሬ ነው። የቀረው ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ሲያወራሽ፣ በር ሲዘጋ እንኳ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ሲያደርግ፣ እኔም ሄጄ ለስላሳ ለስላሳውን ብቻ ላቀርብልሽ? ያቺ ሐዘን ቤት ሁላችንም አንገታችንን ስንደፋ «ሰውየው እኮ ቀልደኛ ነበር፣ ምን ሆናችሁ» ብላ ያሳቀችን ሴት ዛሬ በጥጥ ተጠቅልላ ትያዝ? ትጠዪኛለሽ።

ግን ደግሞ ልክ ላልሆን እችላለሁ። ምናልባት አሁን ለስላሳው ነው የሚያስፈልግሽ። ምናልባት የሌላ ሰው መጨረሻ በፍጹም መስማት አትፈልጊም፤ ያንንም ለማለት ማንም አያስገድድሽም። ስለዚህ እንዲህ አደረግሁ፤ ሊፓቲን ለብቻው ሌላ አቃፊ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ስሙንም በግልጽ ጻፍኩበት። በስህተት አይከፈትብሽም። ከፈለግሽ ትከፍቺዋለሽ፤ ካልፈለግሽ ታጠፊዋለሽ፤ አንዱንም አልጠይቅሽም።

ስለሌላውም አልጠይቅሽም። ይሄን የምሬን ነው። ስጦታ ሲመጣ ምስጋና ዕዳ ይሆናል፤ የታመመ ሰው ላይ ደግሞ ዕዳው ይከብዳል። ሰው ሁሉ ያመጣውን ቀምሰሽ «ይጥማል» እንድትይለት ዓይን ዓይንሽን ሲያይ እንደሚውል ይገባኛል። የእኔን ባትከፍቺውም፣ ከፍተሽ በሁለተኛው ደቂቃ ብትዘጊውም፣ ተኝተሽበት ቢያልቅም ሪፖርት አልፈልግም። ዝምታዬን በዝምታ ብትከፍይኝም አይከፋኝም፤ በኔ ብሷል። ብቻ በሕይወት ያለ ነገር ማየት አማረኝ ካልሽ አንድ ነጥብ ላኪልኝ። ነጥብ ብቻ። ሌሊትም ቢሆን እነቃለሁ።

ልምጣ ወይ ብዬ እህትሽን ጠይቄያት ነበር፤ «ራሷን ጠይቂ» አለችኝ። ልክ ናት። እየጠየቅሁሽ ነው። ብመጣ ብዙ አላወራም። ይሄን ስታነቢ እየሳቅሽ ይሆናል፤ ግን እውነቴን ነው፣ ቁጭ ብዬ አብሬሽ እሰማለሁ፤ መግቢያው ረዘመ ካልሽም አልቆጣም።

ሄድፎኑን እህትሽ ታደርስልሻለች። ጆሮ ላይ እንዳይጫን አላላሁት፤ ራስሽን ካመመሽ ግን ተዪው፣ ትንሿን ድምፅ ማጉያ ከራስጌሽ ራቅ አድርጋ ታስቀምጥልሽ። ደግሞ ሄድፎኑ የራሴ ነው። ስጦታ እንዳይመስልሽ፤ ውሰት ነው። የተዋስሽውን የመመለስ ልማድ እንደሌለሽ አውቃለሁ፣ ያ ሰማያዊ ሹራቤ ምስክር ነው፤ ስለዚህ ራሴ መጥቼ ከእጅሽ እወስደዋለሁ። ቀኑን አንቺ ንገሪኝ።

ያንቺው ጠፊ