250 ሰው ያልሞላባት መንደር

ይድረስ ለምወድህ አባዬ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «ህንድ እግር መጣያ የለም ይባላል፣ እንዴት ነው የምትንቀሳቀሺው?» ስትለኝ መስመሩ ተቆርጦ ሳልመልስልህ ቀረሁ።

የምማርባት ቪሻካፓትናም ከተማ ውስጥ እውነትህን ነው። ግን ሰሞኑን አብራኝ የምትማር ልጅ ወላጆቿ ጋ ወሰደችኝ። ከአራኩ ሸለቆ ወዲያ፣ ተራራ ላይ ያለች መንደር ናት። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቤቶቹን ቆጠርኳቸው፤ 41። ያንተ የቆጣሪው ልጅ አይደለሁ?

እስከ አራኩ በባቡር ነው። ዋሻ በዋሻ! መቁጠር ጀምሬ ከ30 በኋላ ተምታታብኝ። ከዚያ ባጃጅ። እነሱ ግን «አውቶ» ነው የሚሉት፣ ባጃጅ የፋብሪካው ስም ነው። ለሦስት ሰው በተሠራው ላይ አሥራ አንድ ሆነን ተጫንን፣ የሾፌሩ ግማሽ አካል ውጭ ነበር። አስፋልቱ ሲያልቅ አውቶውም ቆመ። የቀረውን ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር ወጣነው።

የገጠሩን አውቶቡስ «ፓሌ ቬሉጉ» ይሉታል፣ የመንደር ብርሃን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2025 ጀምሮ ለክልሉ ሴቶች ነፃ ሆኗል። (እኔ የውጭ ሰው ነኝ፣ እከፍላለሁ።) የጓደኛዬ እናት ግን ሳቁ። «ነፃ ቢሆን ምን ያደርግልኛል? ለመሳፈር መጀመሪያ ተራራውን መውረድ አለብኝ» አሉኝ።

መንገዱ ለምን እንዳልደረሰ ታውቃለህ? በሰው ቁጥር ነው። መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በ2000 የገጠር መንገድ ፕሮግራም ጀመረ። ሜዳ ላይ 500፣ እንዲህ ባለ ተራራማ አገር 250 ሰው ያለበት ሰፈር መንገድ ይገባለታል ተባለ። ብዙ ተሠርቷል፣ መካድ ግፍ ነው። ግን የሚቆጠረው መንደሩ በጅምላ ሳይሆን እያንዳንዱ ሰፈር ለብቻው ነው። የእነሱን መንደር ወንዝ ለሁለት ከፍሏታል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ወዲህ ማዶም ወዲያ ማዶም 250 አይሞሉም። ቢደመሩ ያልፋሉ። ቆይቶ ቁጥሩ በአንዳንድ ቦታ ወደ 100 ዝቅ ብሏል፣ እነሱ ጋ ግን ዶዘር ገና አልመጣም።

እስከዚያው የታመመ ሰው የሚወርደው በ«ዶሊ» ነው። ጨርቁን ሁለት ጫፉን ቋጥረው ረጅም ቀርከሃ ላይ ያንጠለጥሉታል፣ ሁለት ሰው ይሸከመዋል። ምጥ የያዛትም ሴት እንዲሁ ናት። ቀርከሃውን በረንዳው ጥግ ቆሞ አየሁት፤ ትከሻ የሚያርፍበት ቦታ ወዝቶ ያብረቀርቃል። አያቴን በቃሬዛ ያወረዳችኋት ትዝ አለኝ። የእኛውን እንኳ አራት ሰው ይይዘዋል።

የመጨረሻ የሕዝብ ቆጠራቸው እ.ኤ.አ. የ2011ዱ ነው። ያኔ 1.21 ቢሊዮን ነበሩ፣ ከመቶው 69ኙ የገጠር ሰው። የ2021ዱ በኮሮና ቀርቶ አሁን ለ2027 ተይዟል። እኛም በራሳችን አቆጣጠር ከ1999 ወዲህ ስላልቆጠርን በእነሱ አልሳቅኩም። እዚህም ቆጣሪዎቹ በብዛት እንዳንተው አስተማሪዎች ናቸው። የጓደኛዬ አባት ቆጠራውን ፈርተውታል። «ልጆቻችን መንገድ የለም ብለው ከተማ ወረዱ። አሁን ሲቆጥሩን ደግሞ ጭራሽ አንሰን እንገኛለን» አሉኝ። ይህን ያሉኝ ቡና እየለቀሙ ነው። በርበሬያቸው (ቁንዶ በርበሬው ማለቴ ነው) ጥላ ዛፎቹ ላይ እንደ ሐረግ ይወጣል። ቡናውን ግን ተሸክመው ወርደው ይሸጡታል፣ ለእኔ የቀረበልኝ ሻይ ነበር። እማዬ ብትሰማ ጉድ ትላለች።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ግንቦት 1999 ቆጠራ ላይ ሳለህ፣ አንድ ማታ ጫማህ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገብተህ፣ ከገደሉ ሥር አንዲት ቤት ሳልቆጥር ቀረሁ ብለህ በነጋታው ተመልሰህ ሄደህ ነበር። ስንት ሰው አገኘህባት? መንገድስ ገባላቸው? እሑድ ስደውል ንገረኝ።

ልጅህ