በበሰበሰ ወለል ላይ አዲስ ወለል መደረብ ጀልባ አያድንም

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ አሮጌ የፋይበርግላስ ጀልባዎች የቤት ውስጥ ጥገና ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ አንድ ምክር አለ፤ ብዙ ሰው ስለሚከተለው ዝም ብለን ልናልፈው አልፈለግንም። ወለሉ ሲረገጥ የሚረግብ ከሆነ አዲስ ኮምፔንሳቶ ከላይ ደርቦ በብሎን ማሰርና ሬዚን (ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ) መቀባት ይበቃል ይላል። በአንድ ቅዳሜ የሚያልቅ ሥራ ስለሆነ ያጓጓል፤ ሲያልቅም ያምራል። ነገር ግን የተደረበው እንጨት ክብደት ይጨምራል፣ ከሥር ያለውን እርጥበት አፍኖ ይይዛል፣ ብሎኖቹም የሚነክሱት ጤነኛ እንጨት ስለማያገኙ ብዙ ሳይቆዩ ይላላሉ። የላላ ብሎን ደግሞ ለውኃ በር ነው።

ፋይበርግላስ አይበሰብስም። የሚበሰብሰው በውስጡ የተጠቀለለው እንጨት ነው፦ ወለሉ ራሱ፣ ከወለሉ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጉት ሙራሌዎች፣ ሞተሩ የሚንጠለጠልበት የኋላ ግድግዳ። የእንጨት እርጥበት ከ20 በመቶ በታች እስካለ ድረስ አበስባሹ ፈንገስ ሊሠራበት አይችልም። ከዚያ ሲያልፍ መብላት ይጀምራል። ውኃው የሚገባውም አብዛኛውን ጊዜ በትልቅ ስንጥቅ ሳይሆን ለወንበር እግር ተበስታ ማሸጊያ ሳይገባባት ብሎን በተጠመዘዘባት ቀዳዳ ነው። ወለሉ የታመመበት ምልክት እንጂ በሽታው አይደለም። በዚያ ላይ በአብዛኞቹ ትንንሽ ጀልባዎች ወለሉ መቆሚያ ብቻ አይደለም፤ ከሙራሌዎቹና ከቀፎው (ከጀልባዋ ውጫዊ አካል) ጋር ተጣብቆ እንደ ሳጥን አንድ ላይ የሚሠራ አካል ነው። ስለዚህ በብሎን ብቻ የተያዘ ወለል የቀደመውን ሥራ አይሠራም።

ከመቁረጥ በፊት ጉዳቱ የት እንደደረሰ ማወቅ ይገባል። በካቻቢቴ እጀታ ወለሉን፣ ሙራሌዎቹንና የኋላ ግድግዳውን ጣት ለጣት እየተጠጉ ማንኳኳት ነው። ጤነኛው ጥርት ያለ ጠንካራ ድምፅ ይመልሳል፣ የበሰበሰው ዱብ ይላል። ጆሮ ሲጠራጠር ከውስጥ በኩል በ5 ሚሊ ሜትር መብሻ መብሳትና የሚወጣውን ሰጋቱራ ማየት ነው፤ የነጣና ደረቅ ከሆነ ደህና፣ የጠቆረና ጣት ላይ የሚላቆጥ ከሆነ አልቋል። ሙራሌው የሚበሳው ወደ ታችና ወደ ኋላ በኩል ነው፤ ውኃ የሚተኛው እዚያ ነውና። ለኋላ ግድግዳ ሌላም መሞከሪያ አለ፦ ሞተሩን ከፍ አድርጎ የታችኛውን እግር ወደ መሬት መጫን። ግድግዳው አብሮ ከተንቀሳቀሰ ሥራው የወለል ብቻ መሆኑ ቀርቷል ማለት ነው፤ ሙራሌዎቹ ከእሱ ጋር ስለሚያያዙ ሁለቱን አንድ ላይ ማቀድ ይሻላል። የተበሱት ቀዳዳዎች በኋላ ኢፖክሲ በሚባለው ሬዚን፣ ማወፈሪያ ዱቄት ገብቶበት ወፍሮ፣ ይደፈናሉ።

የነዳጅ ታንከሩ፣ ባትሪውና ሽቦዎቹ ይወጣሉ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ከጀልባዋ ሆድ ውስጥ ይተኛል፤ የግራይንደር ብልጭታ ደግሞ የሚወድቀው እዚያው ነው።

ብዙ ሰው የሚዘለው ቀጥሎ ያለውን ነው። ወለሉና ሙራሌው ሲወጡ ቀፎው እንደ ረጠበ ካርቶን ይለመጣል፤ በተጣመመበት ላይ አዲሱ ሙራሌ ከተጣበቀ ጥመቱ ለዘለቄታው ይታተማል፣ ጀልባዋም በፍጥነት ስትሄድ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች ወይም አፍንጫዋን ትነክራለች። ስለዚህ መጋዙ ከመነሣቱ በፊት ጀልባዋ በብዙ ቦታ ተደግፋ፣ በውኃ ልክ ተስተካክላ መቀመጥ አለባት። ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው በየአንድ ሜትሩ አግዳሚ እንጨት ታስሮ ስፋቱ ይቆለፋል፤ ከአግዳሚው እስከ ወለሉ ያለው ቁመት በየቦታው ተለክቶ ቀፎው ላይ ራሱ በማርከር ይጻፋል። ወረቀት ላይ የተጻፈ ልክ ሥራው ሳያልቅ ይጠፋል።

ወለሉ 12 ሚሊ ሜትር እንጨትና 3 ሚሊ ሜትር ያህል ፋይበርግላስ ከሆነ የክብ መጋዙ ጥልቀት 16 ሚሊ ሜትር ላይ ይታሰራል፤ ከዚያ ካለፈ ከጎን በኩል ቀፎውን ያገኛል። ከግድግዳው ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ተትቶ ይቆረጥና የቀረው ጠርዝ በኋላ በግራይንደር ይበላል። ተቆርጦ የወጣው አሮጌ ወለል ምንም ቢበሰብስ አይጣልም፤ ለአዲሱ ከእሱ የተሻለ መለኪያ የለም።

ከሥር የሚገኘው ጀልባዋን የሚያንሳፍፈው ፎም በእጅ ሲጨመቅ ውኃ ካወጣ ይደርቃል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ ሁሉም ይወጣል። ደረቁ ፎም በአንድ ሜትር ኩብ 32 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 0.3 ሜትር ኩብ ፎም ያላት ትንሽ ጀልባ ግማሹ ውኃ ቢሞላ 150 ኪሎ ተሸክማ ትዞራለች ማለት ነው። ስንቱ ሞተር በዚህ ምክንያት ደክሟል ተብሎ ተሸጧል!

ግራይንደሩ ላይ 36 ወይም 40 ቁጥር ሻካራ ዲስክ ይገባል። አዲሱ ፋይበርግላስ የሚያርፍበት ሁሉ፣ ወደ ግድግዳው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ድረስ፣ ቀለሙና ጄልኮቱ (የሚያብረቀርቀው የላይኛው ልባስ) ጠፍቶ ደብዘዝ ያለ ንጹሕ ፋይበርግላስ እስኪታይ ይፈገፈጋል። አሮጌ ፋይበርግላስ ላይ አዲሱ የሚይዘው በጭረቱ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ቦታ የሚላቀቅ ቦታ ነው። ቅባትና ሰም አስቀድሞ በአሴቶን ይጠረጋል፣ አለዚያ ዲስኩ ወደ ውስጥ ይከተዋል። አቧራው የመስታወት ክር ስለሆነ የጨርቅ ማስክ አያቆመውም፤ ፒ3 ማጣሪያ ያለው ጭንብል፣ መነጽር፣ እጅጌው በፕላስተር የታሰረ ቱታ ያስፈልጋል። ሬዚን በሚቀባበት ጊዜ ደግሞ ለትነት የሚሆን ማጣሪያ ይጨመራል።

ሙራሌዎቹ አንድ በአንድ ይለወጣሉ፤ አንዱ ወጥቶ አዲሱ ሳይገባ ሌላው አይነካም። አዲሱ እንጨት በቀጥታ ቀፎው ላይ አይቀመጥም፤ እንጨቱ የነካበት ነጥብ ላይ ቀፎው በማዕበል ሲመታ እዚያው ይሰነጠቃል። ከሥሩ 5 ሚሊ ሜትር ያህል የወፈረ ሬዚን ይነጠፍለታል፤ ውፍረቱ በእንጨት ሲነሣ የማይንጠባጠብ ስቱኮ መምሰል አለበት። በሁለቱም ጎን የተጨመቀው ትርፍ በክብ ነገር ይጠረግና ማዕዘኑ ጎድጎድ ያለ ቅስት ይሆናል፤ ጨርቁ በቀጥታ ማዕዘን ላይ ታጥፎ አይተኛም፣ አየር ይይዛል። ከዚያ ክሩ በ45 ዲግሪ የተሻገረ፣ በካሬ ሜትር 600 ግራም የሚመዝን የፋይበርግላስ ጨርቅ በሦስት ድርብ፣ 10፣ 15 እና 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ሆኖ ይለበጣል። ስፋቱ የሚለያየው ጠርዞቹ አንድ መስመር ላይ እንዳይቆሙ ነው። የውኃ ማለፊያ ቀዳዳዎች ካሉ ጥሬ እንጨት ሆነው አይቀሩ፤ የፕላስቲክ ቱቦ በኢፖክሲ ተጣብቆባቸው ይለፍ።

ሬዚኑን በተመለከተ ጽሑፋችሁ ፖሊስተርንና ኢፖክሲን እንደ አንድ ነገር ቆጥሯቸዋል፤ አይደሉም። ፖሊስተር ርካሽ ነው፣ ጄልኮትም ይቀበላል፣ እንጨት ላይ ግን አጣባቂነቱ ደካማ ነው። ኢፖክሲ እንጨትንም አሮጌ ፋይበርግላስንም አጥብቆ ይይዛል፤ ይወደዳል። ኢፖክሲ ላይ ፖሊስተር መቀባት አስተማማኝ ስላልሆነ ቅደም ተከተሉ ከመጀመሪያው ይታሰብበት። የተለመደው የተቆራረጠ ክር ማትም ከኢፖክሲ ጋር አይሄድም፤ ክሩን የያዘው ማጣበቂያ የሚሟሟው ፖሊስተር ውስጥ ባለው ስታይሪን ስለሆነ ኢፖክሲ ሲነካው ግትር እንዳለ ይቀራል።

የፖሊስተር ማጠንከሪያ፣ ኤም ኢ ኬ ፒ የሚባለው፣ ለ1 ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ይገባል፤ በሞቃት ቀን ወደ ታች፣ በቀዝቃዛ ቀን ወደ ላይ። ከ1 በመቶ ካነሰ ሬዚኑ ከላይ የደረቀ መስሎ ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክር ይቀራል። የኢፖክሲ ሕግ ሌላ ነው፦ አምራቹ 2 ለ1 ወይም 5 ለ1 ካለ ልክ እንደዚያው ነው። ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ማጠንከሪያ የሚጨምር ሰው ለዘላለም የማይጠነክር ማስቲካ ያገኛል። ሁለቱም ሲጠነክሩ ሙቀት ያመነጫሉ፤ በጠባብ ባልዲ ውስጥ ብዙ ከተበጠበጠ ይጨሳል፣ ባልዲውን ያቀልጣል። ግማሽ ኪሎ ግማሽ ኪሎ እየበጠበጡ ሰፊ ትሪ ላይ ማፍሰስ ነው። ኤም ኢ ኬ ፒ ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል፤ ከአሴቶን ጋር ወይም ከኮባልት ማፋጠኛ ጋር በቀጥታ ከተቀላቀለ ደግሞ ሊፈነዳ ይችላል።

መጠኑን አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ወለሉ 5 ካሬ ሜትር ቢሆንና በካሬ ሜትር 450 ግራም በሚመዝን ማትና በፖሊስተር ከታች አንድ፣ ከላይ ሁለት ድርብ ቢለበስ 6.75 ኪሎ ማት ይፈጃል። ማት ከራሱ ክብደት ሁለት እጥፍ ከሩብ ያህል ሬዚን ስለሚጠጣ 15 ኪሎ ሬዚን መሆኑ ነው፤ ለሙራሌው፣ ለጠርዙና ለብክነት ሲጨመር 20 ኪሎ ተይዞ ቢጀመር አይጎድልም። በብሩሽ ብቻ መቀባት አይበቃም፤ ጥርስ ባለው የአሉሚኒየም ሮለር ነጩ የአየር አረፋ ሁሉ መውጣት አለበት። የሚታየው ነጭ ነጥብ ያልራሰ ክር ወይም አየር ነው፤ ነገ ውኃ የሚተኛበት ቦታ ነው።

ኮምፔንሳቶው ሙጫው ውኃ የማይፈታው፣ በድርቦቹ መሀል ክፍተት የሌለው ይሁን፤ ሙራሌዎቹ በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ካሉ 12 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከመግጠሙ በፊት በደንብ ይደርቃል፤ የታችኛው ፊቱ ይለበሳል፣ ጠርዞቹ ሦስት ጊዜ ይቀባሉ፤ እንጨት ውኃ የሚጠጣው በጠርዙ ነው። መጋጠሚያው ሙራሌ ላይ ይውላል። በዙሪያው ከቀፎው ጋር 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተትቶ በወፈረ ሬዚን ይሞላል። ሲጣበቅ በብሎን ከማሰር ይልቅ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖችን ውኃ ሞልቶ መደርደር ይመረጣል፤ የሚደፈን ቀዳዳ አይተዉም።

ተንሳፋፊውን ፎም የግድ መመለስ ያስፈልጋል፤ ጀልባዋ ውኃ ብትሞላ እንዳትሰምጥ የሚያደርጋት እሱ ነው። በሁለት ፈሳሽ የሚበጠበጠው ፖሊዩሪቴን በወለሉ ላይ በተከፈቱ የ6 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳዎች ይፈሳል። አንድ ሊትሩ ወደ 30 ሊትር ይነፋል፣ ያውም በደቂቃ ውስጥ። በትንሽ በትንሹ ካልሆነና መተንፈሻ ከሌለው ትናንት የተጣበቀውን ወለል ያነሣል። በሆዷ መሀል ያለው የውኃ መውረጃ እንዳይደፈን አስቀድሞ ይጋረዳል። ለበርና መስኮት ክፍተት የሚሸጠው ባለ ቆርቆሮ ፎም ውኃ ስለሚመጥ አይሆንም። የፖሊስቲሪን ሰሌዳም ፖሊስተር ሬዚን ሲነካው ይቀልጣል።

ወደ ብሎኑ እንመለስ። ለ5 ሚሊ ሜትር ብሎን መጀመሪያ በ10 ሚሊ ሜትር መብሻ ይበሳል፤ ከሥር ፕላስተር ይለጠፍና ቀዳዳው በወፈረ ኢፖክሲ ይሞላል። በማግሥቱ መሀሉ በ4 ሚሊ ሜትር ይበሳና ብሎኑ በፖሊዩሪቴን ማሸጊያ ይጠመዘዛል። ብሎኑ አንድ ቀን ቢላላ እንኳ ውኃው የሚያገኘው ኢፖክሲ እንጂ እንጨት አይሆንም። ለአንድ ወንበር አራት ቀዳዳ ነው፤ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ሥራ።

ጀልባዋ ስትቆም አፍንጫዋ ከፍ ብሎ የታችኛው ታፓ (የውኃ መውረጃው መድፈኛ) ይከፈት፤ ሽፋኗም አየር ያስገባ። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጉዞዎች ከታፓው የሚወጣውን ውኃ በነጭ ባልዲ ተቀብሎ መመልከት ጥሩ ነው። ንጹሕ ከሆነ ከላይ የተረጨ ነው። የሻይ መልክ ካለው ግን ሳይወጣ የቀረ የበሰበሰ እንጨት አለ፤ ፍለጋው ከኋላ ግድግዳው ሥር ይጀመር።

ከአክብሮት ጋር፣
የፋይበርግላስ ጀልባ ጠጋኞች