አስፋልቱ ከመፍሰሱ በፊት መስመሩ በኖራ ይሰመርልን

ይድረስ ለተከበረው ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከመቀስና ከሜትር ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት ቆይቻለሁ። ብዕር ያስነሳኝ የከተማችን አዲሱ የመናፈሻ መንገድ ዕቅድ ነው። መናፈሻዎቹን፣ የወንዙን ዳርና ትምህርት ቤቶቹን አያይዞ፣ መኪና የማይገባበት የእግርና የብስክሌት የአስፋልት መንገድ ለመሥራት ታስቧል። ይህን የመሰለ ነገር እኔና ልጄ ስንመኝ ኖረናል። ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። እስከ ዛሬ ነፋስ ልንቀበል ወጣን የምንለው ከመኪና እየተሻማን፣ የእግረኛ መንገዱ በተቋረጠ ቁጥር ወንበሩን ከነልጄ አንስቼ እያሻገርኩ ነው። ስለዚህ ዕቅዱን ልቃወም አልመጣሁም። እንዲሠራ ከማንም በላይ እፈልጋለሁ። የፈራሁት ሳይለካ እንዳይቆረጥ ነው።

ለነዋሪዎች ውይይት ተጠርተን ሄድን። አዳራሹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ልጄ ደረጃው ሥር ቀረች። ጥያቄዋን ከደብተሯ በቀደደችው ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝና «አባባ፣ ይህን ብቻ ጠይቅልኝ» አለችኝ። ላይ ስደርስ ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ ተሰቅሏል፤ መንገዶቹ በአረንጓዴ ተሰምረዋል። ገለጻው ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። ስለ ዛፉም፣ ስለ መብራቱም፣ ስለ መቀመጫውም ተነገረን። ገለጻው ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀና ለእኛ የተረፈው ሃያ ደቂቃ ሆነ። እጄን አውጥቼ የልጄን ወረቀት አነበብኩ፦ «ወደ ወንዙ የሚወርደው ቦታ ቁልቁለቱ ምን ያህል ነው? ብቻዬን መውጣት እችላለሁ?» የተሰጠኝ መልስ «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እንደ ግብዓት እንወስደዋለን» የሚል ነበር። ወርጄ «ምን አሉህ?» ስትለኝ የምነግራት አጣሁ።

መልሱ ከክፋት የመጣ አይመስለኝም። ባለሙያዎቹ ደክመዋል፣ አንዳንዶቹም ሥራቸውን እንደሚወዱ ያስታውቃል። ችግሩ እኛ የተጠራነው ንድፉ ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። ያለቀ ንድፍ ላይ የሚሰጥ አስተያየት የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ልጄ ቤተ መጻሕፍት ፈልጋ እንዳነበበችልኝ፣ ሼሪ አርንስታይን የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣችው ጽሑፍ የነዋሪዎችን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል መስላዋለች። የታችኞቹ ሁለቱ ተሳትፎ ሊባሉ አይገባም። ሦስተኛው ማሳወቅ፣ አራተኛው ማማከር ነው፤ በእነዚህ ላይ ሰው ይሰማል፣ ይናገራልም፣ የተናገረው ነገር ውሳኔውን ስለመንካቱ ግን ዋስትና የለውም። እኛ በዚያ ቀን የቆምነው እዚያ ላይ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ከአንድ ግንበኛ ወዳጄ ውሃ ልክ ተዋስኩ። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላ ያዝኩ፤ የልብስ ሜትሬ እንደወትሮው አንገቴ ላይ አለ። አለካኩ ቀላል ነው። የጣውላው አንድ ጫፍ ከፍ ያለው መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ውሃ ልኩ ሲስተካከል ሌላው ጫፍ ከመሬቱ ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዳለ ይለካል። አምስት ከሆነ ቁልቁለቱ ከመቶ አምስት ነው ማለት ነው። በአሜሪካ የተደራሽነት መመዘኛ ከዚያ በላይ ያዘነበለ የእግር መንገድ እንደ ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፈንታ እንደሚሠራ ተዳፋት መወጣጫ ይቆጠራል። ራምፕ ሲሆን ደግሞ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ለማለት ቢያንስ አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ርዝመት ሊኖረው፣ 76 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ ቁጥርም ማረፊያ ሜዳ ሊሠራለት ይገባል። እኛ ወደ ወንዙ በሚወርደው መሬት ላይ ሰባት ቦታ ለካን። ከሁሉ የቀለለው ስምንት፣ ከሁሉ የከበደው አሥራ ሦስት ሆነ። በካርታው ላይ አረንጓዴው መስመር በዚሁ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው።

ልጄ «ልሞክረው» አለች። ከሁሉ ከከበደው ቦታ ሥር ሆና መግፋት ጀመረች። ስድስት ጊዜ ገፋች፤ በሰባተኛው ጎማው ቆመ። የጎማውን ቀለበት ጨምቆ የያዘው አውራ ጣቷ ደም አጥቶ ነጣ፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት በሁለት እጄ ደግፌ ያዝኳት። «አየህ፣ ለዚህ ነው የጠየቅኩት» አለችኝ። መንገዱ በሁለት እጥፍ ዞሮ ቢወርድ፣ በመካከሉም ደልዳላ ማረፊያ ቢኖረው ይህ ሁሉ አይመጣም። ርዝመቱ ይጨምራል፣ ወጪም ይጨምራል፤ ግን ከተሠራ በኋላ አፍርሶ ከመሥራት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ስለ ጎን ማዘንበል ደግሞ ብዙ ሰው አያስብም። አስፋልት ውሃ እንዳያቁር ወደ አንድ ጎን ትንሽ ማዘንበል አለበት፤ ለዚህ ከመቶ ሁለት ያህል ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ዊልቸሩ ሳይታሰብ ወደ ዝቅተኛው ጎን ይጎትታል፤ የሚገፋው ሰው በአንድ ክንዱ መንገዱን፣ በሌላው ደግሞ ጉድጓዱን ሲታገል ይውላል። የሕፃን ጋሪ የሚገፉ እናቶችም ይህን ያውቁታል፤ ስሙን አያውቁት ይሆናል እንጂ እጃቸው ያውቀዋል።

ስንለካ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር የተቀመጡ አንድ አዛውንት ጠሩን። ምን እንደምንሠራ ጠየቁንና አዳመጡን። ከዚያ በከዘራቸው ወደ ግራ አመለከቱ፤ እግር ያወጣው ቀጭን መንገድ አለ፣ ሣሩ ጠፍቶ መሬቱ የተላገ። ከካርታው መስመር አርባ እርምጃ ያህል ይርቃል። «ሰው ለምን ዞሮ የሚሄድ ይመስላችኋል?» አሉን። «በክረምት ይሄ ቀጥታው ረግረግ ነው። ውሃው ከላይ ሰርጎ እዚህ ነው የሚወጣው። እኔ ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበር።» ባለሙያዎቹ የመጡት በበጋ ሳይሆን አይቀርም፤ በበጋ መሬቱ ደርቆ እንደ ጠረጴዛ ይታያል። ከሥሩ ውሃ የሚይዝ መሬት ላይ የተነጠፈ አስፋልት ደግሞ ከሥር ይላላል፣ ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል። አዛውንቱ ስለ ዛፉም ነገሩን፤ ሥሩ ወደ የት እንደሚሄድ በከዘራቸው መሬቱን እየነኩ አሳዩን። አስፋልቱ ለግንዱ ተጠግቶ ካለፈ ሥሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከፍ አድርጎ ያነሳዋል፤ ለእግረኛ ዕንቅፋት፣ ለልጄ ደግሞ ግድግዳ ይሆናል። እኚህ ሰው ወደ ስብሰባው አልመጡም። መጥሪያው የት እንደተለጠፈም አላዩም።

የእኔ ጥያቄ እንግዲህ ከዚህ ይመነጫል። በሙያዬ ሰውን ከለካሁ በኋላ እንኳ ጨርቁን ቆርጬ ወዲያው በመኪና አልሰፋም። በረጃጅም ክር ለጊዜው በእጅ እይዘውና ባለቤቱን አስለብሰዋለሁ። እጅህን አንሳ፣ ተቀመጥ፣ ጎንበስ በል እለዋለሁ። ቆሞ የተለካ ልብስ ሲቀመጡ የሚያንቀው ብዙ ነው። ያ ክር በአንድ ትንፋሽ የሚፈታ ስለሆነ ማስተካከል አያሳዝንም።

መንገዱም እንዲሁ ይሁን። አስፋልቱ ከመፍሰሱ፣ ገረጋንቲው ከመድረሱ በፊት፣ መስመሩ በሙሉ ስፋቱ መሬቱ ላይ በኖራ ይሰመር። ካርታ ማንበብ የማይችል ሰው ኖራ ማየት ይችላል፤ ማየት የማይችለው ደግሞ ኖራው ላይ ሄዶ በዱላው መሬቱን መዳሰስ ይችላል። ኖራው ከተሰመረ በኋላ ባለሙያዎቹ ከነዋሪው ጋር አብረው ይሂዱበት። በአንድ ቀን አይበቃም። በጠዋት ይሂዱ፣ ተማሪ በሚለቀቅበት ሰዓት ይሂዱ፣ ሲመሽም ይሂዱ፤ ሴቶች የትኛው ጥግ ላይ እርምጃቸውን እንደሚያፈጥኑ የሚታወቀው ያኔ ነው፣ መብራቱም መተከል ያለበት እዚያ ነው። ከተቻለ ዝናብ ሲዘንብም ይሂዱ። ዝናቡ ኖራውን ካጠበው እንደገና ይሰመር፤ ኖራ ርካሽ ነው።

ሞክሮ ማየት በሌላውም ዓለም ያለ ነገር ነው። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በእሑድና በበዓላት አንዳንድ ዋና መንገዶቿን ለተወሰነ ሰዓት ለመኪና ዘግታ ለእግረኛና ለብስክሌት ትከፍታለች፤ ዛሬ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ምንም ሳይፈርስ፣ ምንም ሳይገነባ ሰዉ በእግሩ የት መሄድ እንደሚወድ ያሳያል። የእኛም አዲሱ መንገድ የመኪና መንገድ በሚያቋርጥባቸው ቦታዎች ለጥቂት እሑዶች እንዲህ ቢሞከር ብዙ እንማራለን።

በስብሰባው ላይ መንገዱን አጥብቀው የተቃወሙ ሰዎችም ነበሩ፤ በአጥራቸው ሥር ስለሚያልፍ ሌባ ያመጣብናል ብለው ነው። አንዳንዱ ሰው ሳቀባቸው፤ እኔ ግን ልክ አልነበረም እላለሁ። የሰው ቤት ለሰው ትልቅ ነገር ነው። በአሜሪካ ሲያትል ከተማ አሮጌ የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራው በርክ ጊልማን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1978 ሲከፈት ተመሳሳይ ፍርሃት ነበር፤ ከተማው በ1987 ባወጣው ጥናት በመንገዱ ዳር ስርቆት እንዳልጨመረ ታየ። ይህን መልስ በአክብሮት መንገር፣ ኖራው በአጥራቸው ሥር ሲሰመርም በሩ ድረስ ሄዶ ማሳየት ይገባል። ምናልባት ሁለት ሜትር መራቅ ብቻ ይበቃቸው ይሆናል።

ስለ ስፋቱ አንድ ቃል ልበል። እግረኛና ብስክሌት በጋራ ለሚሄዱበት መንገድ ሦስት ሜትር እንደ መነሻ ይወሰዳል፤ በሁለቱም ጎን ደግሞ ቢያንስ ስልሳ ሴንቲ ሜትር ነጻ ቦታ ሊኖር ይገባል። በቀረበልን ንድፍ አንዳንዱ ቦታ ከዚህ ይጠብባል። ልጄና እኔ ጎን ለጎን ስንሄድ ብቻ አንድ ሜትር ከሰባ እንይዛለን፤ ለካሁት። ከፊት ብስክሌት ሲመጣ እኔ ከኋላዋ እገባለሁ፣ ወሬያችንም ይቋረጣል። ከልጄ ጋር ጎን ለጎን እያወራሁ ለመሄድ ነው መንገዱን የምመኘው።

የለካናቸውን ሰባት ቦታዎች፣ የረግረጉንና የዛፉን ሥር ልጄ በደብተሯ ላይ በእርምጃ ቆጥራ ሥላለች። ሥዕሉን አባዝቼ ለሚመለከተው ክፍል አስገብቻለሁ። አስተያየት የመቀበያው ጊዜ ገና አላለቀም፤ አዛውንቱን የመሰሉ ሰዎች ሁሉ ሳይዘገዩ ያዩትን እንዲናገሩ በጋዜጣችሁ በኩል እለምናለሁ። የሚቀጥለው ውይይት ደግሞ ምድር ቤት ወይም ሜዳ ላይ ይጠራ፤ ልጄ ጥያቄዋን በራሷ አፍ ልትጠይቅ ትፈልጋለች። ባለሙያዎቹ መስመሩን በኖራ ለማስመር ከተስማሙ፣ ኖራውን የሚሸከም ሰው ካስፈለገ እኔ እሑድ እሑድ ሥራ የለኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
ልብስ ሰፊው አንባቢያችሁ